«ዘይቱን ያስነካሁት እኔ ነኝ» ብለሽ ንገሪያቸው

የምክር ዓምድ፦ ከደሴ ለጻፈችልን የድኅረ ምረቃ ተማሪ

ደብዳቤው ባጭሩ እንዲህ ይላል።

«ውድ አዘጋጆች፣ እንዴት ሰነበታችሁ? የባዮሎጂ የማስተርስ ተማሪ ነኝ። የምሠራው የሎጎ ሐይቅን ፋይቶፕላንክተን፣ ማለትም ውኃው ውስጥ የሚንሳፈፉትን በዓይን የማይታዩ አልጌዎች ነው። በምማርበት ዩኒቨርሲቲ አምስት የትምህርት ክፍሎች የሚጋሩት አንድ የማይክሮስኮፕ ክፍል አለ። ሦስት ሳምንት ጠብቄ የሦስት ሰዓት ተራ ደረሰኝ። ናሙናዬን ሐይቁ ዳር ሉጎል የሚባለውን ማቆያ ጨምሬበት ነበር ያመጣሁት። መጀመሪያ ባለ 100 ሌንሱን በዘይት አየሁበት፤ ወደ 40 ስመለስ ዘይቱ ነካው መሰለኝ፣ ምስሉ ጭጋግ ሆነብኝ። የመቁጠሪያውን ቻምበር ሳስቀምጥ 40ው ጭራሽ አልጠራ አለ። ሴሉ ራሱ እንዲያበራ የሚያደርገውን የፍሎረሰንስ ብርሃን ሳበራ ያየሁት ጨለማ ብቻ ነው። በመሐል መብራት ሄደ፤ ሲመለስ አምፖሉ እምቢ አለ። ከእኔ ቀጥሎ የገባው ልጅ ‹ሌንሱ ተበላሽቷል› ብሎ ተናገረ። ክፍሉን ለረጅም ዓመት የያዙት ጋሼ ተቆጥተው ሁላችንንም ጠየቁን፤ እኔ ዝም አልኩ። ብናገር ተራ ይከለክሉኛል ብዬ ፈራሁ። አማካሪዬ ደግሞ ‹ሦስት ሰዓት ሙሉ ምን ስትሠሪ ዋልሽ?› አሉኝ። ቀጣዩ ተራዬ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ምን ላድርግ? ሌላ ሰው ምስሉን ያንሳልኝ ይሆን?»

አብሽሪ እህታለም። ከጻፍሽልን ውስጥ የማይቃና ነገር የለም። አንዱ ብቻ ግን ሁለት ሳምንት አይጠብቅም፤ እሱም ዘይቱ ነው። ነገ ጠዋት ክፍሉ እንደተከፈተ ሂጂና ያስነካሽው አንቺ መሆንሽን ንገሪያቸው።

የምናጣድፍሽ በምክንያት ነው። ባለ 40 ሌንሱ ደረቅ ሌንስ ነው፤ በእሱና በስላይዱ መካከል አየር እንዲኖር ታስቦ ተሠርቷል። በዚያ ቦታ ዘይት ሲገባ ምስሉ ይደበዝዛል። ትኩስ ዘይት በሌንስ ወረቀት በጥቂት ደቂቃ ይነሣል። የሰነበተ ዘይት ግን አቧራ ይሰበስባል፣ እየወፈረ ይሄዳል፣ በሌንሱ ጫፍ ዙሪያ ባለችው ቀጭን ክፍተትም ሊሰርግ ይችላል። እስከዚያ ድረስ የሚገባው ተማሪ ሁሉ ችግሩ ከናሙናዬ ነው እያለ ስላይድ ሲቀያይር ይውላል። ይባስ ብሎ አንዱ በሸሚዙ ጫፍ ይጠርገዋል። እኛን ከዘይቱ በላይ የሚያሰጋን ይህ ነው፤ አቧራ ያለበት ሌንስ በደረቅ ጨርቅ ሲታሽ ሽፋኑ ይጫራል፣ ለጭረት ደግሞ መፍትሔው ሌንሱን መለወጥ ብቻ ነው። ለውጡም ከውጭ በዶላር የሚመጣ ነው። በዚያ ላይ፣ አንቺ ዝም ባልሽ ቁጥር ጥርጣሬው የሚያርፈው ችግሩን በቅንነት በተናገረው ልጅ ላይ ነው።

በሰው አትላኪባቸው፤ በስልክም አትጻፊላቸው። ቀርበሽ እንዲህ በያቸው፦ «ጋሼ፣ ያን ዕለት ተራው የእኔ ነበር። ከ100 ወደ 40 ስመለስ ዘይቱን ያስነካሁት እኔ ነኝ። ሲጠይቁን ፈርቼ ዝም አልኩ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ያ ልጅ ጥፋት የለበትም። ሲያጸዱት አጠገብዎ ሆኜ ልየው?» ሊቆጡ ይችላሉ፤ ቁጣቸውን ቻዪው። እንዲህ ያለ ክፍል የሚይዝ ሰው አጥብቆ የሚፈራው ማን ምን እንዳደረገ አለማወቅን ነው። ቀኑንና ሌንሱን ለይተሽ ስትነግሪያቸው ግማሹን ሥራ አቃለልሽላቸው።

ሲያጸዱት የምታይው ይህን ነው። የዓይን ሌንሱ ከቱቦው ወጥቶ ሲገለበጥ ጥሩ ማጉያ ይሆናል፦ ዓይንሽን የምታስጠጊበትን ወገን ወደ ሌንሱ ጫፍ አዙረሽ በሌላው ወገን ብትመለከቺ ዘይቱ እንደ ቀለም ቀስተ ደመና ወይም እንደ ጭጋግ ይታይሻል። መጀመሪያ አቧራው በጎማ መንፊያ ይራገፋል፤ በአፍ አይነፋም፣ ምራቅ ይረጫልና። ቀጥሎ የታጠፈ የሌንስ ወረቀት ሳይጫኑ ማስነካትና ዘይቱን ማስመጠጥ ነው። ከዚያ አዲስ ወረቀት በሌንስ ማጽጃ ወይም በንጹሕ ኤታኖል በጥቂቱ ይርስና ከመሐል ወደ ዳር እየዞረ አንድ ጊዜ ይጠርጋል፤ ወረቀቱ ይጣላል፣ በሌላ ይደገማል። አሴቶንና ዛይሊን ሌንሶቹን የያዘውን ማጣበቂያ ስለሚያላሉ አይቀርቡም። ሶፍት፣ ጎዝ፣ የነጠላ ጫፍም እንዲሁ። ሌንሱን ራስሽ አትፍቺው።

ዳግም እንዳይደርስብሽ የ100ውን ሥራ ከሁሉ መጨረሻ አድርጊው። ስላይዱ ላይ ዘይት ጠብ ካለ በኋላ በዚያ ስላይድ ወደ 40 መመለስ የለም። መውጣት ስትፈልጊ ሌንስ አዟሪውን በ40ው በኩል ሳይሆን በሌላው አቅጣጫ ወደ 4 አዙሪው፤ 4 እና 10 ከስላይዱ ራቅ ስለሚሉ ዘይቱ አይደርስባቸውም። የ100ው ዘይት ደግሞ ከመነሣትሽ በፊት ይጠረግ።

አሁን ወደ ጠፋው ሦስት ሰዓት እንምጣ። ከዘይቱና ከመብራቱ በቀር የደረሰብሽ ሁሉ ማይክሮስኮፑ ፊት ከመቀመጥሽ በፊት ያለቀ ነገር ነው።

ፍሎረሰንሱ ጨለማ የሆነብሽ ማሽኑ ተበላሽቶ አይደለም። ሉጎል አዮዲንና ፖታሲየም አዮዳይድ ነው። ሴሉን ይገድላል፣ ቅርጹን ይጠብቃል፣ ክብደት ይጨምርለትና ቶሎ ያዘቅጠዋል። ስለዚህ ለቆጠራ ግሩም ነው። ነገር ግን አዮዲኑ የክሎሮፊልን ፍሎረሰንስ ያጠፋዋል። አንቺ ልታይው የፈለግሽው ቀይ ብርሃን ሐይቁ ዳር ጠብታዋ ስትገባ ጠፍቷል። ሶዲየም ታዮሰልፌት ቡናማውን ቀለም ያነሣልሻል፤ ለፍሎረሰንስ ግን አትመኪበት።

ስለዚህ ከአንድ ቦታ ሁለት ጠርሙስ ቅጂ። አንደኛው ሕያው ናሙና ነው፣ ምንም አይጨመርበትም። ሐይቁ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ መራቁ ትልቅ ዕድል ነው፤ ጠዋት የቀዳሽው ከሰዓት በኋላ ማይክሮስኮፕ ሥር ሊሆን ይችላል። ከጠርሙሱ አንድ አራተኛውን ባዶ ተዪለት፣ ከብርሃን ከልዪው፣ በረዶ ባለበት ሳጥን ውስጥ በጨርቅ ጠቅልለሽ አስቀምጪው፤ በረዶው በቀጥታ እንዳይነካው። በዚያው ቀን ማየት የማይሆንልሽ ከሆነ ፎርማልዴሃይድ እስከ 2 በመቶ ጨምሪና በጨለማ 4 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ላይ አቆዪው። ባለ 37 በመቶ ፎርማሊን ከሆነ ለ100 ሚሊ ሊትር ናሙና 5.7 ሚሊ ሊትር ነው። ሥራው በጓንት፣ ጭስ በሚስበው የላብራቶሪ ሳጥን (ፊውም ሁድ) ውስጥ ይሁን። ቀኖች በሄዱ ቁጥር ፍሎረሰንሱ ይደክማል፤ የእኛ ምርጫ ሕያው ናሙናው ነው።

ሁለተኛው ጠርሙስ የሉጎል ነው። ለ100 ሚሊ ሊትር ውኃ ከ0.5 እስከ 1 ሚሊ ሊትር ይበቃል፤ ቀለሙ ቀጠን ያለ ሻይ ሲመስል አቁሚ። ራስሽ የምታዘጋጂው ከሆነ 20 ግራም ፖታሲየም አዮዳይድ በ200 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውኃ ሙሉ በሙሉ አሟሚና ከዚያ 10 ግራም አዮዲን ጨምሪ፤ በመጨረሻ 20 ሚሊ ሊትር ግላሻል አሴቲክ አሲድ። ቅደም ተከተሉን አትለውጪ፤ አዮዲን በባዶ ውኃ አይሟሟም፣ የሚሟሟው አዮዳይዱ ሲቀድመው ነው። ጠርሙሱ ቡናማ መስታወት ይሁን። በፕላስቲክ ውስጥ አዮዲኑ እየሸሸ ናሙናው ይነጣል፤ በየወሩ ቀለሙን እያየሽ ከነጣ ጠብታ ጨምሪበት። ስም የምትጽፊው በእርሳስ ነው፤ እስክሪብቶና ማርከር አልኮል ሲነካቸው ይጠፋሉ።

40ው ቻምበሩ ላይ አልጠራ ያለበትም ምክንያት ግልጽ ነው። ሰጅዊክ ራፍተር የሚባለው መቁጠሪያ 50 በ20 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ 1 ሚሊ ሜትር ጥልቀት አለው፤ በትክክል 1 ሚሊ ሊትር ይይዛል። ባለ 40 ሌንስ ከስላይዱ የሚርቀው ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች ነው። ወፍራሙን ክዳንና አንድ ሚሊ ሜትሩን ውኃ አልፎ ታች የዘቀጠውን ሴል ማየት አይችልም፤ ትልቁን ማስተካከያ ስታዞሪ መስታወቱን ይገጨዋል። ይህ ዕቃ የ10 እና ራቅ ብሎ የሚያይ የ20 ሌንስ ሥራ ነው። በ40 ማየት ያለብሽን በተራ ስላይድ እዪው፤ ክዳኑ 0.17 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ይሁን፣ ሌንሱ የተሰላው ለዚያ ነውና። በነገራችን ላይ በ10 ጠርቶ በ40 እምቢ ያለ ስላይድ ብዙ ጊዜ ተገልብጦ የተቀመጠ ነው፤ 1 ሚሊ ሜትሩ ወፍራም መስታወት ላይ ሆኗል ማለት ነው። መሣሪያውን ከመውቀስሽ በፊት ገልብጪው።

ጠብታውንም ለኪው። 22 በ22 የሆነ ክዳን ሥር 10 ማይክሮ ሊትር ውኃ ሲዘረጋ ውፍረቱ 20 ማይክሮ ሜትር ያህል ይሆናል። 50 ካደረግሽበት ከ100 ማይክሮ ሜትር ያልፋል፤ ክዳኑ ይንሳፈፋል፣ ሕያው ሴሎቹ ከእይታሽ እየዋኙ ይወጣሉ፣ ምስሉ በንቅናቄ ይደበዝዛል። ከ10 እስከ 15 ማይክሮ ሊትር ይበቃል። እንዳይደርቅብሽ የክዳኑን አራት ጠርዝ በስሱ ቫዝሊን ዝጊው፤ ቫዝሊኑ ግን ከክዳኑ በላይ አይውጣ፣ ሌንስ ላይ ካረፈ እንደ ዘይቱ ነው።

ተራ አያያዝሽንም ለውጪው። ቆጠራ በተራ ማይክሮስኮፕ ይሠራል፤ እሱ ደግሞ በትምህርት ክፍልሽ ላብራቶሪ ሳይኖር አይቀርም። አምስት ክፍል የሚሻማበትን የፍሎረሰንስ ሰዓት ለቆጠራ ማዋል ለአንቺም ለሌላውም ኪሳራ ነው። ወደ ጋራው ክፍል ስትሄጂ ሕያው ናሙናውን ብቻ ይዘሽ ሂጂ፤ ሁለት ሰዓት ይበቃሻል። ስትመዘገቢ ሰዓቱ በእኛ ነው ወይስ በፈረንጅ ብለሽ ጠይቂ። በኮምፒውተር የተያዘ 3:00 ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ሊሆን ይችላል፤ በዚህ ብቻ ስንቱ ሰው ተራው አልፎበታል! ቀኑም እንዲሁ ነው። ጠርሙስሽ ላይ በእኛ አቆጣጠር ትጽፊያለሽ፣ የማሽኑ ኮምፒውተር ምስሉን በፈረንጅ ቀን ይመዘግበዋል፤ ከስድስት ወር በኋላ የትኛው ምስል የየትኛው ጠርሙስ እንደሆነ ይጠፋብሻል። አንዱን አቆጣጠር ምረጪና በጠርሙሱም፣ በደብተርሽም፣ በፋይሉ ስምም እሱን ብቻ ጻፊ። መምጣት ካልቻልሽ ቀድመሽ ደውዪ፤ ባዶ ያለፈ ተራ የሌላ ሰው ሦስት ሳምንት ነው።

ስትገቢ መጀመሪያ የምትከፍቺው የተራ መዝገቡን ነው። ከአንቺ በፊት የነበረው ሰው ምን ችግር እንደጻፈ አንብቢ፤ ሌንሶቹን አንድ በአንድ አይተሽ ያገኘሽውን ጻፊ። ይህ ለአንቺም መከላከያሽ ነው። እይታው ላይ ቆሻሻ ካየሽ ቦታውን መለየት ቀላል ነው። የዓይን ሌንሱን አዙሪው፣ ቆሻሻው አብሮ ከዞረ እዚያ ነው ያለው። ስላይዱን ስትገፊ አብሮ ከሄደ ስላይዱ ላይ ነው። ሌንስ ስትቀይሪ ከጠፋ ያ ሌንስ ነው። በሁሉም ካልተነቃነቀ ከታች ብርሃኑን ወደ ስላይዱ የሚሰበስበው ኮንደንሰር ጋ ወይም ካሜራው ውስጥ ነውና ለጋሼ ንገሪያቸው፤ ካሜራ ውስጥ እጅሽን አትስደጂ።

ቀጥሎ ብርሃኑን ማስተካከል ነው፤ ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጀው፣ ብዙ ሰው ይዘለዋል። በ10 ሌንስ የናሙናውን ምስል አጥሪ። ታች መብራቱ ላይ ያለውን ዲያፍራም፣ ማለትም ብርሃኑ የሚያልፍበትን የሚጠብና የሚሰፋ ቀዳዳ፣ እስከ መጨረሻው ዝጊው፣ ጠርዙ ጥርት እስኪል ኮንደንሰሩን ከፍ ዝቅ አድርጊ፣ በሁለቱ ብሎኖች ወደ መሐል አምጪው፣ ከዚያ ከእይታሽ ጠርዝ ጥቂት እስኪያልፍ ክፈቺው። የኮንደንሰሩን የራሱን ዲያፍራም ደግሞ ሦስት አራተኛ ያህል ክፈቺ። ብርሃን በዛ ብለሽ በዚህ ዲያፍራም አትቀንሺ፤ በጣም ሲዘጋ ምስሉ ጎልቶ የወጣ መስሎ ዝርዝሩ ይጠፋል። ብርሃን የሚቀነሰው በመብራቱ ማስተካከያ ነው።

ፍሎረሰንስ ከመክፈትሽ በፊት ሴሉን በተራው ብርሃን ፈልጊው። ይህን አጥብቀን የምንልሽ ኃይለኛው ብርሃን በላዩ ባረፈ ቁጥር ክሎሮፊሉ እየነጣ ስለሚሄድ ነው። መጀመሪያ ፈልጊ፣ አጥሪ፣ ከዚያ የክፍሉን መብራት አጥፊና የፍሎረሰንሱን ብርሃን መዝጊያ ክፈቺ፣ ምስሉን አንሺ፣ ወዲያው ዝጊ። ሰማያዊውን ማጣሪያ ስትመርጪ፣ ማለትም ከ450 እስከ 490 ናኖ ሜትር የሚያበራውንና ከ515 በላይ የሚያሳልፈውን፣ ክሎሮፊል ያለው ሁሉ ቀይ ሆኖ ይታያል፤ ብርሃኑ የሚጎላው 680 ናኖ ሜትር አካባቢ ነው። ማጣሪያው አረንጓዴን ብቻ የሚያሳልፍ ከሆነ ሕያው ናሙናም ጨለማ ይሆንብሻልና የማጣሪያውን ቁጥር አንብቢ። በአረንጓዴ ብርሃን ስታበሪ ደግሞ ሳያኖባክቴሪያዎቹ ፋይኮቢሊን የሚባል አረንጓዴ ብርሃን የሚመጥ ቀለም ስላላቸው ከሌሎቹ ጎልተው ይወጣሉ፤ አረንጓዴ አልጌዎቹ ይደበዝዛሉ። አንድን ቦታ በሁለቱም ማጣሪያ ካነሣሽው ማን ማን እንደሆነ ሳትጨነቂ ትለይዋለሽ። የአልትራቫዮሌት መከላከያዋን ብርቱካንማ መስታወት ከቦታዋ አታንሺ፤ ዓይንሽን የምትጠብቀው እሷ ናት።

አምፖሉ እምቢ ያለው በአንቺ ጥፋት አይደለም። ክፍሉ ያለው የሜርኩሪ አምፖል ከሆነ ጠባዩ ይህ ነው፦ ትኩስ እያለ አይነሣም፣ አስገድዶ ማስነሣትም ይጎዳዋል። ከጠፋ በኋላ ቢያንስ 30 ደቂቃ ይቀዘቅዛል፤ ከበራ በኋላም ቢያንስ 30 ደቂቃ ሳይጠፋ ይቆያል። የአንዱ አምፖል ዕድሜ ከ200 እስከ 300 ሰዓት ብቻ ስለሆነና እያንዳንዱ ማስነሣት ከዚያ ላይ ስለሚቀንስ፣ ሥራሽን ስትጨርሺ ከአንቺ ቀጥሎ ማን እንዳለ መዝገቡን እዪ፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚመጣ ሰው ካለ በርቶ ይቆየው፣ ስሙንና ሰዓቱን ጻፊለት። መብራት ከሄደ ወዲያው የአምፖሉን፣ የካሜራውንና የኮምፒውተሩን ማብሪያ አጥፊ፤ ሲመለስ ከፍ ዝቅ የሚለው ኃይል እንዳይመታቸው ነው። ሰዓቱን መዝግቢ፣ ከ30 ደቂቃ በኋላ አብሪ። መብራት እየቆራረጠ በሚውልበት ቀን ባይበራ ይሻላል። የክፍሉ መሣሪያ በኤልኢዲ የሚሠራ ከሆነ ይህ ሁሉ አያሳስብሽም።

ምስል አነሣስሽ የቆጠራሽን ያህል ጥንቃቄ ይፈልጋል። ካሜራው ራሱ ብርሃኑን እንዲመርጥ አትተዪው፤ ያን ጊዜ ደካማውም ብርቱውም ናሙና እኩል ደምቆ ይወጣና ማነጻጸር አይቻልም። ከሁሉ ደማቁን ናሙና ፈልገሽ የብርሃኑን ስርጭት የሚያሳየው ግራፍ (ሂስቶግራሙ) ቀኙን ግድግዳ እንዳይነካ አድርጊ፣ ያን የብርሃን ጊዜ ለሁሉም ናሙና ጠብቂው። ፋይሉን በማሽኑ በራሱ ፎርማት ወይም በቲፍ አስቀምጪ፤ ጄፔግ ዝርዝሩን ይጨፈልቃል። በየሌንሱ አንድ ጊዜ የስቴጅ ማይክሮሜትሩን፣ ማለትም የልኬት መስመር ያለበትን ስላይድ ምስል አንሺ፤ 1 ሚሊ ሜትር ለ100 የተከፈለ ነው፣ አንዱ ክፍል 10 ማይክሮ ሜትር። በኋላ ኢሜጅ ጄ በተባለው የምስል መለኪያ ፕሮግራም ልኬቱን የምታወጪው ከእሱ ነው። እሱን ሳታነሺ ብትወጪ የሴልሽን መጠን በግምት ልትጽፊ ነው፣ ፈታኝ ደግሞ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።

ፍላሽሽን አደራ። የጋራ ኮምፒውተር ላይ ቫይረስ ከገባ የሁሉም ሥራ ይቆማል። ለዚህ ሥራ ብቻ የምትይዢው ባዶ ፍላሽ ይኑርሽ፣ ከመምጣትሽ በፊት በራስሽ ኮምፒውተር አስፈትሺው። እዚያው ኮምፒውተር ላይ የተተወ ምስል ሲሞላ ሊጠፋ ስለሚችል በዚያው ቀን ገልብጪና ሁለት ቦታ አኑሪው።

ስለ ቆጠራው ሁለት ነገር ብቻ እንጨምር። በሉጎል ያለው ናሙና ለመዝቀጥ ለእያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር ከፍታ 4 ሰዓት ይፈልጋል። 100 ሚሊ ሊትር በሜዠሪንግ ሲሊንደር 18 ሴንቲ ሜትር ከፍ ካለ 72 ሰዓት፣ ሦስት ቀን ማለት ነው። ከፍሪጅ ወጥቶ የክፍሉን ሙቀት ሳይዝ አትቅጂው፣ መስኮት ዳርም አታቁሚው፤ የደሴ ሌሊት ብርድ በአንድ በኩል ሲመታው ውኃው ውስጥ ለውስጥ ይዞርና የሚዘቅጠውን ያነሣብሻል። ከዚያ ከላይ 90 ሚሊ ሊትሩን በቀስታ ስበሽ ብታስወግጂ የቀረው 10 ሚሊ ሊትር አሥር እጥፍ ተጠናክሯል። ቻምበሩን ሞልተሽ 15 ደቂቃ አስቀምጪና ቁጠሪ።

ሌላው ስንት ልቁጠር የሚለው ነው። 100 ብትቆጥሪ ስሕተቱ ወደ 20 በመቶ ይጠጋል፤ 400 ብትቆጥሪ ወደ 10 በመቶ ይወርዳል፤ ከዚያ በላይ ድካሙ ይበዛል። ስሌቱ በምሳሌ፦ የዓይን ሌንሱ ላይ የተጻፈው የእይታ ቁጥር 20 ከሆነ በ20 ሌንስ የእይታሽ ስፋት 1 ሚሊ ሜትር ነው፤ ቦታው 0.785 ካሬ ሚሊ ሜትር። 40 የእይታ ቦታ ቆጥረሽ በድምሩ 412 ሴል ብታገኚ፣ 412 በ1000 ተባዝቶ ለ31.4 ሲካፈል በሚሊ ሊትር 13,120 ገደማ ይሆናል። ናሙናው አሥር እጥፍ ስለተጠናከረ የሐይቁ 1,312 ነው።

ስትወጪ 15 ደቂቃ ተዪ። የ100ው ዘይት ይጠረግ፣ 4ው ሌንስ ወደ ታች ይዙር፣ መድረኩ ዝቅ ይበል፣ ስላይድሽ እዚያ አይቅር። ሽፋኑን የምትደርቢው መብራቱ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው፤ ትኩስ ሳለ ሲሸፈን እርጥበት ይታፈናል፣ በደሴ ክረምት ደግሞ ጉሙ ተጨምሮበት ሌንስ ላይ ሻጋታ ያበቅላል። ሻጋታ ሽፋኑን በልቶ ይቀራል። በመስታወት ሳጥን ያለው እርጥበት መጣጭ ሲሊካ ጄል ሰማያዊነቱን ለቆ ሮዝ ከሆነ ለጋሼ አስታውሺያቸው።

ሌላ ሰው ምስሉን ያንሳልኝ ወይ ላልሽው፦ የክፍሉ ደንብ ባለሙያ ብቻ ይንካ የሚል ካልሆነ አታድርጊው። ቴሲስሽን ስትከላከዪ የትኛው ማጣሪያ፣ ስንት ሚሊ ሴኮንድ፣ የትኛው ሌንስ ተብለሽ የምትጠየቂው አንቺ ነሽ። ይልቅ ይቅርታ በጠየቅሽበት ቀን ጋሼን ግማሽ ሰዓት ሥልጠና ለምኛቸው። ደንቡ የሚከለክል ከሆነም አጠገባቸው ተቀምጠሽ እያንዳንዱን ቁጥር ጻፊ።

ለአማካሪሽም የሆነውን እንዳለ ንገሪያቸው፤ የሉጎሉንም ነገር አትደብቂ፣ እሳቸውም ሊያስተውሉት የሚገባ ነበር። ከዚያ አንድ ነገር ጠይቂያቸው፦ ወደ ሐይቅ የሚወርደው የዩኒቨርሲቲው መኪና ቀን ከተራሽ ቀን ጋር አንድ እንዲሆንልሽ። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ከደሴ ተነሥተሽ፣ 3 ሰዓት ላይ ቀድተሽ፣ 6 ሰዓት ላይ ከተመለስሽ የ8 ሰዓቱ ተራ ላይ ሕያው ናሙና ይዘሽ ትቀመጫለሽ። መኪናው በዚያ ቀን ካልተገኘ ተራውን ለሌላ ሰው ልቀቂና ቀን ቀይሪ፤ የሉጎሉን ጠርሙስ ይዘሽ ግን አትግቢ።